የማታው ደም

ሽማግሌው የተኙ ይመስሉ ነበር። ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ተስቧል፤ አንድ እጃቸው ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ራስጌያቸው ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ቆሟል፤ ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳር ረግቷል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ አዳረሰችው። የተሰበረ ነገር የለም። የተገለበጠ ነገር የለም። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«ገድለዋቸዋል» አለ፣ ሳይዞር።

«ማን?»

«እሱን የሚደርሱበት እርስዎ ነዎት። እኔ የማውቀው ትናንት ማታ ላቦራቶሪው ደውሎ፣ ደማቸው ውስጥ ስኳር የለም ማለት ይቻላል እንዳለኝ ነው። ወዲያው ለምራታቸው ደውዬ ጣፋጭ ነገር አጠጪያቸው አልኳት። አጠጣኋቸው፣ ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸዋል አለችኝ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ፣ አባባ አይነቁም ብላ ደወለች።»

«የስኳር በሽተኛ አልነበሩም? ስኳር ይወርድባቸዋል ሲባል እሰማለሁ።»

«ኢንሱሊን ሲወጉ ነዋ የሚወርድባቸው! የማታውን መርፌ እኔው ራሴ ቀንሼ ቀንሼ በመጨረሻ ካስቆምኩት ሰነባብቷል። የጠዋቱንም አሳንሼዋለሁ። መርፌው ቆሞ ስኳሩ ወረደ ማለት፣ ከኔ ተደብቆ የሚወጋቸው ሰው አለ ማለት ነው።» አሁን ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ስኳር ብቻውን አይጠፋም፣ ኢንስፔክተር።»

ከኮሪደሩ ጩኸት ተነሣ።

«መርፌው ያለው በማን እጅ ነው? በሷ እጅ! የሚያበላውስ ማን ነው? የሚያጠጣውስ? እሷ! እኔን እኮ በአባቴ ቤት ደጅ ታስጠብቀኛለች!»

የምትጮኸው የሟቹ ሴት ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። የምትጮህባት የወንድሟ ሚስት ደግሞ ሕፃን ልጇን እያጠባች የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማለች። ጫማ አላደረገችም።

«እባክሽ ቀስ በይ» አለች ምራቲቱ። «አባባን ትቀሰቅሺያቸዋለሽ።»

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ አስከሬን አይታለች፣ ብዙ ለቅሶ ሰምታለች። እንደዚህ ያለ ነገር ግን ሰምታ አታውቅም። ሴትዮዋ ወይ ልቧ ደንግጦ ከሰውነቷ ወጥቷል፣ ወይ ደግሞ የምትገርም ተዋናይ ናት።

ምርመራው ወጥ ቤት ውስጥ ተጀመረ። ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጣው ሳጅን ጡረታው የደረሰ ሰው ነው፤ ሲሮጥ ያየው ስለሌለ ጣቢያው ውስጥ «አባ ቀስታ» ይሉታል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አፍጥጦ ቀረ።

«ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ሊያድሩ ነው እንዴ?»

«ቢፈቀድልኝ ደስ ይለኛል፣ አለቃዬ። የኔ ቤት ማቀዝቀዣ ቁም ሳጥን ሆኗል።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ሐኪሙ የሰጠሁት ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው ብሏል። አንዱ ተጀምሮ እዚህ አለ። ሌላው የታለ?»

ምራቲቱ ተጠግታ አየች። እጇን ሰድዳ የማቀዝቀዣውን በር ኪስ ዳበሰች። ከዚያ አትክልቱን አነሣች። ከዚያ ወተቱን።

«እዚህ ነበር» አለች። «ትናንት ጠዋት እዚህ ነበር።»

«ከአንቺ ሌላ የሚነካው ሰው አለ?»

«የለም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፤ ከባድ መኪና ነጂ ነው። መርፌ የምወጋቸው እኔ ነኝ።»

«ማታ ማታስ?»

«ዶክተር አቁሚ ካለኝ ወዲህ ማታ ወግቻቸው አላውቅም። በልጄ!»

«ጣት እየወጋ ስኳር የሚለካው መሣሪያ የለም?»

«እሱ አለ። ደሙን የሚቀበለው ቁራጭ ግን ገበያ ላይ ጠፍቷል። ለዚህ ነው ነርሷ ደም እየወሰደች ላቦራቶሪ የምታደርሰው። ነፋሷ ነው የምንላት፤ ገባች ሲሏት ወጣች ነች።»

«ትናንትስ መጥታ ነበር?»

«መጥታለች። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።»

«ሰሞኑን አባባን ምን ይሰማቸው ነበር?»

«ውኃ ጥም። በቃ ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ። ይጠጣሉ፣ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይጠጣሉ። እየከሱም ሄደዋል። ዶክተርን ስነግረው፣ ስኳር ሲያንስ ሰው ብዙ ነገር ይሆናል፣ በሚጠጡት ላይ ጣፋጭ ጨምሪበት አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ የሴትዮዋን ፊት አጠናች። የሚዋሽ ሰው ሲናገር ዓይንን እየሰረቀ ያያል። ይቺ ግን የምታየው ማቀዝቀዣውን ነው፤ ብልቃጡ ራሱ ወጥቶ እንዲመሰክርላት የምትጠብቅ ትመስላለች።

ብልቃጡ አልወጣም። ምራቲቱ ተያዘች።

የጣቢያው ማረፊያ ቤት ኩፍኝ ገብቶበት ስለነበር ሕፃን ይዞ መግባት ተከልክሏል። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ዘረጋች። እናትየዋ ልጇን ስታስረክብ አላለቀሰችም፤ «ጡጦ አልለመደችም፣ ጡጦ አልለመደችም» እያለች ብቻ መኪናው ውስጥ ገባች።

ጣቢያ ሲደርሱ አዛዡ ኢንስፔክተሯን ጠራት። «ነገ ወደ ማረሚያ ቤት ትተላለፋለች። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከእጃችን ወጣ። የምትጨምሪው ነገር ካለ ዛሬ ጨምሪ።»

የመጀመሪያው የተጨመረ ነገር ባልየው ነበር። ክፍለ ሀገር ነኝ ያለው ሰው፣ መኪናው ባለፈው ምሽት ከከተማው ዳር ቆሞ ታይቷል። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ እንደ ተቀባ ጣቢያ መጣ።

«ከተማ ውስጥ ነበርክ» አለችው።

«ነበርኩ።»

«ቤት ግን አልገባህም። አባትህ እየሞቱ።»

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። «እየሞተ መሆኑን አላወቅኩም። እንደዚያ መንምኖ ሳየው ያመኛል። አንድ ሌሊት ልረፍ ብዬ ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ተኛሁ። እሷ እንኳ አታውቅም። እባካችሁ እናንተ አትንገሯት፣ እኔ ልንገራት።»

አባ ቀስታ ጋራዥ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። «እውነቱን ነው። መካኒኩ ማታ አብሮት በልቷል፤ ጠዋትም የቀሰቀሰው እሱ ነው። ሲያንኮራፋ ጋራዡን አናወጠው ይላል። ማንኮራፋት ወንጀል ነው ካልሽ ባለቤቴ እኔን ከከሰሰችኝ ቆይቷል።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። «ልብስ ሰፊዋ ቤት እንሂድ።»

ሱቁ ጠባብ ነው። ግማሽ የተሰፉ ቀሚሶች ከጣሪያው ወርደዋል። ሕፃኗ የጨርቅ ክምር ላይ ተኝታ ታለቅሳለች፤ አጠገቧ ወተት የሞላ ጡጦ ተጋድሟል። ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ ሕፃኗን እየደባበሰች፣ በሌላው እንባዋን ትጠርጋለች።

«አባትሽ ቤት መቼ ነው የሄድሽው?»

«ትናንት ከሰዓት። እሷ ገበያ ወጣ ብላ፣ እኔ አባቴን እንድጠብቀው ተለመንኩ። ተለመንኩ! ሌላ ጊዜ ግን በር ላይ፣ ‹ተኝተዋል፣ በኋላ ነይ› ነው።»

«ማቀዝቀዣውን ከፍተሻል?»

እጇ ሕፃኗ ላይ ቆመ።

አባ ቀስታ በቀስታ ከጠረጴዛው ላይ የልብስ ቁልፍ ሳጥኑን አነሣ። ቀይ ቁልፍ፣ ጥቁር ቁልፍ፣ የቀንድ ቁልፍ በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገና አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣ።

«ይቺ በየትኛው ኮት ላይ ነው የምትሰፋው፣ እመቤቴ?»

ልብስ ሰፊዋ ጮኸች። «እንዳትወጋው ነው የደበቅኩት! ሐኪሙ ስኳሩ የሚወርደው በምን እንደ ሆነ ግራ ገብቶኛል ሲል ከሰማሁ ጀምሮ ጠርጥሬያታለሁ። አንዱን ብወስድባት የምትወጋው ያጥራታል ብዬ ነው። አባቴን ላድን ነው!»

ኢንስፔክተሯ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣችው። ሞልቷል፤ የቆርቆሮ ክዳኑም አልተነካም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውንም ሐኪሙ በስልክ አስልቶላት ነበር፤ ከታዘዘው በላይ ጠብታ እንኳ አልተወሰደም።

ደጅ ወጡ።

«አለቃዬ» አለ አባ ቀስታ። «ኢንሱሊኑ ሁሉ እዚህ ካለ፣ ሽማግሌውን የገደለው ኢንሱሊን ከየት መጣ?»

«ከነርሷ?»

ነርሷን ያገኟት ከአንዲት በሽተኛ ቤት እየሮጠች ስትወጣ ነው። የትንሿን መኪናዋን በር ስትከፍት የታመቀ ሙቀት ፊታቸውን ገረፋቸው። የኋላው ወንበር ላይ ቦርሳ፣ ጓንት፣ የጥጥ ጥቅል ተዝረክርኳል።

«ኢንሱሊን አልይዝም» አለች። «ሥራዬ ደም መውሰድና ቁስል ማጠብ ነው። ፈትሹ፣ ደስ ካላችሁ።»

ፈተሹ። አልነበረም።

«ሐኪሙ ያዘዘው ጠዋትና ማታ ደም እንዲወሰድ ነው፣ አይደል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዎ። ጠዋትና ማታ።»

«የትናንት ማታውን ማን ነው ላቦራቶሪ ያደረሰው?»

«እኔ ነኛ። በእጄ ነው ያስረከብኩት። ጠይቋቸው።»

«ሽማግሌው ያን ጊዜ እንዴት ነበሩ?»

ነርሷ የመኪናዋን ቁልፍ ከጣት ጣት አዛወረች። «ያው ናቸው። ደከም ብሏቸዋል። ይቅርታ፣ የሚጠብቁኝ በሽተኞች አሉ።» መኪናዋ አቧራ አስነሥታ ጠፋች።

«በእውነትም ነፋስ» አለ አባ ቀስታ፣ ዓይኑን እያሸ።

የኢንስፔክተሯ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ነበረች።

«እባክዎ ይምጡ። በስልክ የሚነገር አይደለም።»

ላቦራቶሪው ውስጥ ማሽኖች ያጉረመርማሉ። ኃላፊዋ በዕድሜ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። በሩን ዘጋች።

«አስከሬን መርማሪዎቹ የሽማግሌውን የዓይን ውኃ ልከውልኝ ነበር። የሞተ ሰው ደም ለስኳር አይታመንም። የዓይን ውኃ ግን ተሸፍኖ፣ ከደሙ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ይሻላል። ሰውየው ከመሞታቸው በፊት የነበሩበትን ሁኔታ ይናገራል።»

«እና ምን ተናገረ?»

«ስኳር ሞልቶታል።»

ኢንስፔክተሯ የሰማችውን አላመነችም። «ጎድሎታል ማለትዎ ነው?»

«ሞልቶታል አልኩዎት! ማሽኑ መጀመሪያ ሊቆጥረው አቅቶት ስሕተት ነው አለኝ። በውኃ አቅጥኜ ደገምኩት፤ ያው ነው። እኚህ ሰው የሞቱት ስኳር አንሷቸው አይደለም። ስኳር ገድሏቸው ነው።»

አባ ቀስታ ባርኔጣውን አወለቀ። «ማታ ስኳር የሌለው ሰው፣ ሌሊት ስኳር ሞልቶት ሞተ? አንዱ ይዋሻል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ የማታውን ደም እንደገና አወጣሁት» አለች ኃላፊዋ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደም ከሰው ሲወጣ የሚሞት ይመስላችኋል?»

«አይሞትም እንዴ?»

«አይሞትም። የተቀዳበት ቲዩብ ውስጥም ሆኖ ሴሎቹ ይበላሉ፤ ምግባቸው ደግሞ ስኳር ነው። ቶሎ በማሽን አሽከርክረን ሴሎቹን ከፈሳሹ ካልለየናቸው፣ ወይም በረዶ ላይ ካላኖርነው፣ ስኳሩን እየበሉ ያወርዱታል። ሙቀት ካገኙማ አይጠየቅም። የእኚህ ሽማግሌ ደግሞ ይብሳል። ሌላ የደም ሕመም አለባቸው፤ ነጭ ሴላቸው ከጤነኛ ሰው እጥፍ ድርብ ነው። የሚበላው ሲበዛ ስኳሩም ቶሎ ያልቃል። መብላታቸውን የሚያስቆም ዱቄት ያለበት ባለ ግራጫ ክዳን ቲዩብ ነበረን፤ እሱም ካለቀብን ቆየ። ዱቄት በሌለው በባለ ቀዩ ነው የምንሠራው።»

«ስለዚህ የማታው ደም ቆይቶ ነው የመጣው?»

«ለዚህ ነው የጠራሁዎት። የጠዋቱን ቲዩብና የማታውን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ደም ቢቀመጥም የማይለወጥ ነገር አለ። ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ አለ፣ ስብ አለ። እነዚህ በሁለቱም ላይ አንድ ናቸው፤ ቁርጥ መንትያ። ቀኑን ሲበላና ሲጠጣ የዋለ ሰው ስቡ ጠዋትና ማታ እንዲህ አንድ አይሆንም። ሲቀመጥ የሚለወጠው ግን ሌላ ነው። የጠዋቱ ስኳር ከፍ ብሏል፤ የማታው ወርዷል። ሴሎቹ ስኳሩን በልተው የሚተዉት አሲድ ደግሞ የማታው ላይ ጣሪያ ነክቷል።»

«አሲዱን ትናንት አላዩትም ነበር?»

ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ ግን አላደረገችውም። «አይቼዋለሁ። የታመመ ሰው ነው፣ ይኖረዋል አልኩ። እኛ የምናምነው ቲዩቡ ላይ የተጻፈውን ነው። ማታ ይላል፤ ማታ ደረሰኝ። መቼ ተቀዳ ብዬ አልጠየቅኩም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ በሩ እየሄደች ነበር። እሷም ያልጠየቀችው ጥያቄ እንዳለ አሁን ነው የገባት። ነርሷ መጣች ወይ ብላ ጠይቃለች። መጥታለች ተብላለች። መቼ አላለችም።

ምራቲቱ የማረፊያ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት ሁለት ቦታ ላይ ርሷል። ልጅ ሳይጠባው የዋለ ጡት ነው። በክንዷ ሸፈነችው።

«ትናንት ነርሷ ስትመጣ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«እኔ? ልጄን በረንዳ ላይ የጠዋት ፀሐይ አሞቃት ነበር።»

«የጠዋት። ማታስ ስትመጣ?»

ምራቲቱ ግራ ተጋባች። «ማታ አትመጣም እኮ። ማታ መጥታ አታውቅም።»

«የማታውን ደም ታዲያ ማን ይወስዳል?»

«እሷው፤ ጠዋት። አንዴ ወግታ ሁለቱንም ትሞላለች፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። አባባ ክንዳቸው በመርፌ በልዞ ስለነበር፣ ሁለቴ ከማሰቃያቸው አንዴ ይብቃቸው ትላለች።» ቀና አለች። «ጥፋት ነው እንዴ? እኔ እንደዚያ የሚደረግ መስሎኝ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወጥታ ነርሷ እንድትጠራ አዘዘች።

ነርሷ በዚህ ጊዜ አልሮጠችም። ጣቢያ መጥታ የተሰጣት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሽማግሌውን ማታ አላየሻቸውም» አለች ኢንስፔክተሯ።

ነርሷ ጣቶቿን ቆላለፈች። «አላየኋቸውም።»

«ለምን ዋሸሽን?»

«ፈራሁ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ። ግን እኔ የሠራሁት ለሳቸው ብዬ ነው! ክንዳቸውን አላያችሁትም። ጥቁር ሆኖ ነበር፤ የደም ሥራቸው ይሸሻል፣ መርፌው ሦስት አራቴ ይመለሳል። እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሱት። ‹ልጄ፣ አንዴ ብቻ ውጊኝ፣ ሁለተኛውን አልችለውም› አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሁለተኛው ቲዩብ ቀኑን የት ይውላል?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ቦርሳሽስ?»

መልሱን ከመስጠቷ በፊት ራሷ ሰማችው መሰለ። «መኪና ውስጥ» አለች በመጨረሻ። «ላቦራቶሪው የማታ ተብሎ የተጻፈበትን ጠዋት አይቀበልም። ያው አንድ ደም አይደለም እንዴ? ጠዋት ተወሰደ ማታ፣ ደም ደም ነው።»

ኢንስፔክተሯ የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ያለቻትን አንድ በአንድ ነገረቻት። ደሙ መኪናው ሙቀት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስኳሩን ሲበላ መዋሉን። ማታ ባዶ ሆኖ መድረሱን። ሐኪሙም ባዶውን አይቶ መርፌ እየቀነሰ፣ ጣፋጭ እየጨመረ መሄዱን። አንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንታት።

ነርሷ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከጣቶቿ መሐል የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

«ይህን የምታደርጊው ለሁሉም በሽተኛ ነው?» አለ አባ ቀስታ።

ራሷን ነቀነቀች። «ለሚያለቅሱት ብቻ።»

አባ ቀስታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሐኪሙ የነገሩትን ቆሞ ሰማ። ሲጨርሱ ቁልቁል እጆቹን አየ።

«ጠዋት ጠዋት ከፍ ይል ነበር» አለ። «ሌሊት ስኳር ሲወርድ ሰውነት ደንግጦ የራሱን ስኳር ይለቅቃል። ጠዋት ከፍ የሚለው ለዚህ ነው ብዬ መርፌውን ይበልጥ ቀነስኩ። ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ሲተነፍሱ ይሰማል ብላ ምራታቸው ስትነግረኝ፣ ተመስገን አልኩ። እንቅልፍ እኮ አልነበረም። ራሳቸውን ስተው ነበር።» ኢንስፔክተሯን አያት። «እኔ ነኝ ነፍሰ ገዳይ አለ ብዬ የጠራኋችሁ።»

ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ በፊርማው አረጋግጦ ለመስጠት ከነሱ ጋር ጣቢያ ሄደ፤ አዛዡም ምራቲቱ እንድትለቀቅ አዘዘ። በነርሷ ላይ የሚሆነው ገና በሕግ ይታያል።

ኢንስፔክተሯ ማረፊያ ቤቱን ራሷ ከፈተች።

«ነጻ ነሽ። የወጋቸው ሰው የለም። ባልሽና የባልሽ እህት ልጅሽን ይዘው እየመጡ ነው።»

ምራቲቱ ተነሣች። ፊቷ ላይ የደስታ ነገር ብልጭ አለና ቆመ። «ታዲያ አባባን ምን ገደላቸው?»

ኢንስፔክተሯ ሕመማቸው ነው ብትላት ይቻላል። አባ ቀስታም በዓይኑ እንደዚያ በያት ይላታል። ግን ነገ ከጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ ከገበያ መስማቷ አይቀርም። አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ስለ ቲዩቡ፣ ስለ መኪናው ሙቀት፣ ስለ ባዶው ቁጥር፣ ስለ ዓይኑ ውኃ ነገረቻት። ቃሉን የምታለሰልስበት መንገድ ፈልጋ አጣች።

«ስኳር በዝቶባቸው ነው» አለቻት።

ምራቲቱ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«የማጠጣቸው እኔ ነኝ።»

«ሐኪም አዞሽ ነው። የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው።»

«ውኃ ነበር የሚሉኝ» አለች፣ ያልሰማች ይመስል። «ጣፋጭ አላሉኝም። ‹ልጄ፣ ንጹሕ ውኃ አምጪልኝ› ነበር የሚሉኝ። እኔ ነኝ ስኳር የምጨምርበት። አፋቸውን ሲያዞሩ፣ ለጤናዎ ነው አባባ ብዬ ጭንቅላታቸውን ደግፌ...»



በኮሪደሩ የሕፃን ለቅሶ መጣ። ባልየው በሩ ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች፤ ፊቷ አብጧል። ወንድሟ ከጣቢያ የተነገረውን ሁሉ መንገድ ላይ ነግሯታል። ከምራቲቱ ፊት ቆማ ሕፃኗን ዘረጋችላት።

ምራቲቱ እጇን አልዘረጋችም። ይልቁንም ከጉልበቷ በታች ደበቀችው።

«አንቺው ያዣት» አለች። «እኔ አላበላም። ሰው አላበላም።»

«እናቷ ነሽ!» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ሳታስበው።

«የሳቸውስ ልጅ አልነበርኩም? ልጄ ነበር የሚሉኝ።»

ሕፃኗ የእናቷን ድምፅ ሰምታ ባሰባት። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አለች። እንደዚህ ሆና ያያት ሰው አልነበረም።

«ስሚኝ። ትናንት ከሰዓት፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ፣ አባቴ ውኃ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ስኳሩን አየሁ። እሷ አንድ ማንኪያ ትጨምራለች፣ እኔ ልጁ ነኝ፣ ሁለት ልጨምርለት አልኩ። ሁለት ጨመርኩ። ሁለቴም አጠጣሁት። ካንቺ እንድበልጥ ብዬ። ካልሽ ሁለታችንም ነን። ይቺ ግን ከጠዋት ጀምሮ የኔን ጡጦ ስትተፋ ውላለች። ውሰጃት፣ እህቴ። እርቧታል።»

መልስ ሳትጠብቅ ሕፃኗን የምራቲቱ ጭን ላይ አስተኛቻት። ሕፃኗ ቀሚሱን በጭፍን ፈለገች። ያገኘችው እርጥብ ጨርቅ ነው፤ እሱን መጥባት ጀመረች።

አባ ቀስታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኢንስፔክተሯም ልትወጣ ተነሣች።

የምራቲቱ እጅ ከጉልበቷ ሥር ወጣ። ቀስ ብሎ ወደ ቀሚሷ ቁልፎች ሄደ። አንዱን ከፈተ፤ ቆመ፤ ሁለተኛውን ከፈተ። ለቅሶው ተቋረጠ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሕፃኗ መጥባት ብቻ ሆነ። ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍና፣ በሁለት እጇ ጡቱን ይዛ በስስት ትጠባለች። እናትየዋ ግን ዓይኗን ከትንሿ ጉሮሮ ላይ አልነቀለችም፤ ሕፃኗ በዋጠች ቁጥር ትደነግጥ ነበር።